ሁለት ለአንድ

«ሁለት ለአንድ» አለ አስተዋዋቂው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በትግርኛ፣ በመጨረሻ በጣልያንኛ። በሦስቱም ቋንቋ ያሸነፈው ወታደሩ ነበር።

እኔ የቦክስ ግጥሚያው በተደረገበት ሲኒማ ቤት ፎቅ ላይ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጬ ነበር። ውጤቱ ገና ሳይነገር ለማጨብጨብ ተነሥቼ ስለነበር እጆቼ አየር ላይ ቀሩ። ክው አልኩ። አዳራሹም ክው አለ፤ ያን ያህል ሕዝብ የሞላው ቤት እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። በስተግራ የተቀመጡት ወታደሮች እንኳ ወዲያው አልጮሁም። እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ እውነት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው የጮሁት። አሸናፊው ራሱ የመሐል ዳኛው እጁን ሲያነሣለት ዞር ብሎ አስተዋዋቂውን አየው፤ ‹እኔን ነው?› የሚል ፊት ነበረው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ዘመኑ ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ ያለው ነው፤ አስመራ ውስጥ የኳስ ጨዋታውም የብሽክለታ ውድድሩም ከጨዋታነት አልፎ ‹እነሱና እኛ› የሚባልበት ጊዜ። በከባድ ሚዛን የተጋጠሙት አንዱ ከመሀል አገር የመጣ የጦር ሠራዊት ቦክሰኛ፣ ሌላው የከተማችን ልጅ፣ ፓራዲዞ ሰፈር ከእናቱ ጋር የሚኖር የካሚዮን መካኒክ ነበር። ያሸነፈው አዲስ አበባ ሄዶ ለአገሪቱ ቀበቶ ይጋጠማል። ለከተማው ሰው ይኸው ይበቃዋል። ለኔ ግን ሌላም ነገር ነበረበት፤ መካኒኩ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር።

እንዴት እንደተዋወቅን ብዙ የሚወራ የለውም። እኔ ልጆች ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ እሱ መኪና ወደሚጠግንበት ኦፊቺና ስንሄድ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ ሰላምታ፣ ቀጥሎ አውቶቡሱ ቢዘገይ ደስ የሚያሰኝ ሰላምታ። በር የሚሞላ ሰው ሆኖ ሲያወራ ግን ድምፁ አይሰማም፤ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። እኔም ጠጋ አልኩ። ልቤ ሄዶ ነበር፤ አሁን አሮጊት ሆኜ ምን አሳፈረኝ።

አባቴ የጨርቅ ፋብሪካ ካፖ ነበር፤ ሠራተኛ የሚያዝዝ፣ የማይጮህ። በጣልያን ጊዜ በወጣትነቱ ቦክስ ተጫውቷል፣ በእንግሊዝ ጊዜ ዳኝቷል። ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ሰው በአጥር ወይም በውርስ ሲጣላ፣ ፖሊስ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት እኛ ደጅ ይቆማል። አባቴ ሁለቱንም ቁጭ አድርጎ ሻሂ ያስቀርብና ይፈርዳል፤ የተፈረደበትም እጅ ነሥቶ ይሄዳል። እናቴ «ባሌ ከኔ ይልቅ ስሙን ነው ያገባው» እያለች ትስቅበት ነበር። እና ለዚያ ግጥሚያ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች አንዱ እሱ ሆነ። ሁለተኛው የቦክስ ማሠልጠኛ ያለው አንድ አረጋዊ ጣልያናዊ ነው፤ ሦስተኛው የጦሩ የስፖርት መኮንን፣ አንድ ሻምበል።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዳኝነቱ ተነግሮት ነበር። «መልሱን ከግጥሚያው በኋላ ለሚመጣው እሑድ ሳምንት» ብሎ ሸኛቸው። ሰፈሩ ሁሉ ለምን እንደመጡ ያውቃል፤ ሽማግሌ ተደብቆ ደጅ አይረግጥም። አባቴ እንዲያውም ከዳኝነቱ ሊወጣ አስቦ ነበር። ጎረቤቶቹ ናቸው የለመኑት፤ «እርስዎ ከወጡ በቦታዎ ሌላ መኮንን ያስቀምጣሉ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑረን» አሉት። መውጣቱን ተወ።

ማን ለማን እንደ ሰጠ በአደባባይ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ የሚነገረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ግን መነገር ምን ያስፈልገዋል? ከሲኒማ ቤቱ ወጥተን መንገድ ሳንሻገር ከተማው በሙሉ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሶታል። ሻምበሉ ለወታደሩ፣ አባቴ ለኛ ልጅ፤ እንግዲያው የሸጠን ጣልያኑ ነው። በማግስቱ የጣልያኑ ማሠልጠኛ በር ላይ አንድ ሰው የበሰበሰ ቲማቲም ወርውሮበት አየሁ። አላዘንኩለትም።

ቤታችን ጥራቮሎ ሰፈር ነበር። ከሥሩ አንዲት ጠባብ ባር አለች፤ የኔ መስኮት በበረንዳዋ አናት ላይ ይከፈታል። ከግጥሚያው በኋላ በዚያ በረንዳ ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። የሰፈሩ ጠጉር አስተካካይ ስድስት የቢራ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፣ ለየዙሩ አንድ አንድ። ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ የኛ፣ ከተገለበጠ የወታደሩ።

«የመጀመሪያው እኩል ነው፣ በጠርዙ ይቁም» ይላል። ቆርኪው አልቆም ይለዋል። «ሁለተኛው የኛ። ሦስተኛው የኛ፣ አፍንጫውን ያደማው በሦስተኛው ነው።»

«በሁለተኛው ነው» ይላል የታክሲ ሾፌሩ።

«በሦስተኛው። እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ።»

«አንተ ጥግ ላይ የቆምከው ትኬት ስላልነበረህ ነው።»

አራተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በአራተኛው ዙር የኛ ልጅ ወድቋል። እኔም ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። ወታደሩ በግራ እጁ ሰነዘረ፣ መካኒኩ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ረዳቱ በዙሮች መካከል ውሃ ያፈሰሰበት ጥግ ላይ እግሩ ከዳውና በመቀመጫው ቁጭ አለ። የመሐል ዳኛው ግን እንደ ተመታ ቆጥሮ ቆጠረበት። «ተንሸራተተ እንጂ መች ተመታ» ይላል ሾፌሩ። «ከተቆጠረ ተቆጠረ ነው» ይላል ሌላው። «ይቆጠር፣ አንዱን ዙር ይውሰድ። አምስተኛው የማን ነው? ያ ወታደር በአምስተኛው ገመዱን ይዞ አልነበር? ስድስተኛውንስ አቅፎ አይደል የጨረሰው?» ቆርኪዎቹ ይገለበጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ እንዴትም ቢቆጥሯቸው ያሸነፈው የኛ ልጅ ነው። በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው ዙር ይጀምራሉ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉታል ይሄን፤ እኔ ግን መስኮቴን አልዘጋሁም። በየቀኑ ሲያሸንፍልኝ መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ በዚያ ሲያልፍ ከወንበራቸው ይነሡለታል። «አቦይ፣ እርስዎስ ሐቅዎን ሰጥተዋል፤ አንድ እጅ ምን ያደርጋል» ይሉታል። እሱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል። ድሮ ማታ ማታ አብሯቸው ይቀመጥ ነበር፤ ከግጥሚያው ወዲህ ቀረ። ምግብም ቀነሰ። ለልጁ አዝኖ ነው ብዬ የሚወደውን እየሠራሁ አቀርብለት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሻምበሉ ነው፤ ሲቪል ለብሶ፣ በወረቀት ከረጢት ብርቱካን ይዞ። በልቤ ስረግመው የከረምኩት ሰው እንዲያ ትሕትና ባለው አቋቋም ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ ቤት አሉ?» አለኝ። አስገባሁት።

አባቴ ሲያየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ተነሥቶ ጨበጠው፣ አስቀመጠው። እናቴ ሻሂ አፈላች። እሷ አማርኛ አትሰማም፤ እንግዳ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ በመሀል ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። የኔ አማርኛ የትምህርት ቤት ነው፤ ሐ እና ዐ ከጉሮሮዬ ስለሚወጡ ሻምበሉ ፈገግ እያለ ያዳምጠኝ ነበር። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ፋብሪካው አወሩ። ከዚያ ሻምበሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ የመጣሁት ልማር ነው» አለ። «እርስዎ በዚህ ሙያ አባቴ ነዎት። እኔ ዳኝነት ከጀመርኩ ቅርቤ ነው። ለመካኒኩ ነው የሰጠሁት። አራት ዙር የሱ፣ አንዱ እኩል፣ አንዱ የኛ። እርስዎና ጣልያኑ ግን ለወታደሬ ሰጣችሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቱ ጋ እንደ ተሳሳትኩ አስባለሁ።»

መጀመሪያ የሰማሁት ‹ለመካኒኩ ነው የሰጠሁት› የሚለውን ብቻ ነው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የጦር መኮንን፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ፣ ለኛ ልጅ።

«እንታይ ይብል ኣሎ?» አለች እናቴ፤ ምን ይላል ማለቷ ነው።

«ለእኛ ልጅ ነው የሰጠሁት ይላል።»

እናቴ ሳቀች። «ይቀልዳል። ደግመሽ ጠይቂው።»

ደግሜ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቀሪው ዐረፍተ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ዘግይቶ ደረሰ። እርስዎና ጣልያኑ። አባቴን አየሁት። አባቴ የሻሂ ብርጭቆውን ያየው ነበር።

«ጣልያኑን ጠይቄዋለሁ» ሲል ቀጠለ ሻምበሉ። «‹ዳኛ ከቆጠረበት ለኔ ወድቋል፤ ለውድቀት ደግሞ ብዙ ነጥብ እቆርጣለሁ› አለኝ። ደንብ ነው፣ ተቀበልኩት። እርስዎ ግን ልጁ የወደቀው ከፊትዎ ነው። ከሁላችንም በቅርብ ያዩት እርስዎ ነዎት። ምን አዩ?»

«ሆዱ ላይ የመታውን አላየህም» አለ አባቴ።

«የቱን ጋሼ?» ሻምበሉ ተነሥቶ ምንጣፋችን ላይ ቆመ። ክንዶቹን እንደ መካኒኩ ሰበሰበ፣ ወደ ኋላ ተራመደ፣ እግሩን አንሸራትቶ አሳየ። «እንዲህ ነበር፤ ክርኑን አጥፏል። ምቱ ያረፈው ክንዱ ላይ ነው። ወይስ ከኔ በኩል አልታይ ብሎኝ ነው?»

«ስድስተኛው ዙር ላይ ወታደሩ በርትቷል።»

«በርትቷል? አቅፎት እኮ ነው የጨረሰው። ልጁ የኔ ጭፍራ ነው፣ ሲደክመው አውቀዋለሁ።»

«እንግዲህ» አለ አባቴ፣ «ዳኛ የሚያየው ይለያያል።»

ሻምበሉ ተመልሶ ተቀመጠ። አለመቆጣቱ ነው የበለጠ ያስጨነቀኝ። «በእኛ አገር ‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ› ይባላል» አለ። «ወታደሬ በማሸነፉ አልከፋኝም። አለቃዬ ለማን እንደ ሰጠሁ ከሰማ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስልኝም፤ እሱም ግድ የለም። መካኒኩ በፍርድ ተሸንፎ ከሆነ ግን እንዲገባኝ ፈልጌ ነው።»

እናቴ ክንዴን ነካችኝ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፣ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሻምበሉ ለኛ፣ ጣልያኑ ለወታደሩ። ሦስተኛውን አልነገርኳትም፤ እሷ ራሷ ከጣቶቿ አንዱን አጥፋ፣ ሌላውን አጥፋ፣ ሦስተኛው ጣቷ ላይ ቆመች። ባሏን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ በትግርኛ፣ በጣም በዝግታ፣ «እንግዳው ሻሂው ላይ ስኳር ይጨመርለት እንደሆነ ጠይቂው» አለችኝ። ጠየቅሁት። ይበቃኛል አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ሄደ። በሩ ላይ ሲሰናበት ሁለት እጁን ለአባቴ ዘረጋ። አባቴ በአንድ እጁ ጨበጠው።

በሩ ሲዘጋ እናቴ የጠየቀችው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ተሸንፏል?»

«አሸንፏል» አለ አባቴ። «ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ አውቄው ነበር።»

እውነት ለመናገር፣ በሕይወቴ ያን ያህል ደንግጬ አላውቅም። ብዙ ነገር አይቻለሁ ከዚያ በኋላ፣ ጦርነትም አይቻለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ቢያደርገው የማይደንቀኝን ነገር አባቴ አድርጎት ሳይ መሬቱ ነው የከዳኝ። እሱ ተቀምጦ ነገረን፤ ድምፁ ሰው እያስታረቀ የሚናገርበት ያው ድምፅ ነው።

«ሽማግሌዎቹ ደጄ ደርሰው ሄደዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለሱ ብሰጥ ‹ለአማቹ ፈረደ› ይሉኛል፤ የዕድሜ ልክ ስሜ በአንድ ቀን ያልቃል። ደግሞም አስቤ ነበር። ሻምበሉ ለራሱ ሰው መስጠቱ አይቀርም፣ ጣልያኑም የመንግሥት ሰው ፊት ይፈራል፣ እንግዲህ ልጁ በማናቸውም መንገድ መሸነፉ ነው አልኩ። የኔ ድምፅ ልጁን አታድነውም፣ እኔን ግን ከሐሜት ታድነኛለች አልኩ። ያ ሰው ሐቀኛ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ።»

እናቴ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱ ያዩትን ፈረዱ። ያላየውን የፈረደው የኛ ሰው ነው፣ የታመነው፣ እንዳይወጣ የተለመነው። እሱ ባየው ቢፈርድ ኖሮ ሁለት ለአንድ የሚባለው ለመካኒኩ ነበር። ተናድጄ አለቀስኩ፤ ሐዘን አልነበረም።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ሰው ልኮ መካኒኩን አስጠራው። ለሽማግሌዎቹ የቀጠረላቸው ቀን ገና ሳምንት ይቀረው ነበር። መካኒኩ መጣ። ያንን ግዙፍ ሰውነቱን በትንሿ ሳሎናችን ውስጥ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። ግራ ዐይኑ ገና አብጦ ነበር። እኔ ሻሂ ይዤ ስገባ አባቴ ጀምሮታል፤ እንደ ልማዱ ሳይሸፋፍን ነገረው። «ለወታደሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ግን አሸንፈሃል» አለው።

መካኒኩ ባርኔጣውን ወንበር ላይ አኖረ። «ስወድቅ ተንሸራትቼ እንደነበር አይተዋል?» አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው የማይሰማ።

«አይቻለሁ።»

«እኔ ‹ተሸንፌያለሁ› ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ሁለት ዳኛ ተሳስቶ አይሆንም፣ ምናልባት የማላውቀው ነገር አለ አልኩ። ያቺ አንዷ ድምፅ የእርስዎ ናት እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሰው ሲያስታርቅ እንደሚያደርገው ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ያን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፣ ፍርድ ሊናገር ነው። «በድዬሃለሁ» አለ። «በዳይ ደግሞ ይክሳል። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ሽማግሌዎችህ ሲመጡ መልሱ እሺ ነው።»

የዚህን ቤት ቃል ስጠብቅ ስንት ጊዜ አልቅሼ ነበር። አሁን ቃሉ መጣ፤ ደሜ ግን ቀዘቀዘ። በደጋው፣ በአያቶቻችን ዘመን፣ ሰው የገደለ ቤተ ሰብ ለደም ካሳ ልጃገረድ ይሰጥ እንደነበር ሰምቼ አውቃለሁ። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ደሙ ይደርቃል፣ ሁለቱ ወገን ይበላል ይጠጣል። አባቴ ያንን የሰማው ከራሱ አባት ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ በቤቱ ካለው ነገር የሚበልጠውን ነው የሰጠው። ለዚህ ነው የበለጠ የተናደድኩት።

ሻሂውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «አቦይ» አልኩት፣ «የወሰድክበት አዲስ አበባ የሚሄድበትን ድል ነው። እኔን ስትሰጠው ያ ይመለሳል? ድሉን በሕዝብ ፊት ነው የወሰድከው፤ እዚህ ሳሎን ውስጥ በኔ አትክፈለው።»

በዚያ ቤት ውስጥ አባቴን እንዲህ የተናገረው ሰው አልነበረም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልትገሥጸኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ አልገሠጸችኝም።

መካኒኩ ባርኔጣውን አነሣ። «እውነቷን ነው» አለው ለአባቴ። «ሽማግሌ የላክሁት ሳልጋጠም በፊት ነው። ሽማግሌዎቼን አላስቀርም። በካሳ ከሆነ ግን አልቀበልም።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «የቐንየለይ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ። ሻሂውን ሳይጠጣ ሄደ። ያጣሁት መሰለኝ። በገዛ አፌ ገፍቼ ያስወጣሁት መሰለኝ፣ ሆኖም ቃሌን መልሼ ልውጠው አልፈለግሁም።

አባቴ ኮቱን ለበሰና ደረጃውን ወረደ። ወደ መስኮቴ ሮጥኩ። እሑድ ቀትር ስለነበር በረንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቆርኪዎቹም ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እንደ ልማዳቸው ተነሡለት።

«ተቀመጡ» አላቸው። አልተቀመጡም፤ እሱም ቆሞ ተናገረ። «ጣልያኑን ተዉት፤ እሱ ያየውን ነው የፈረደው። ሻምበሉ ለኛ ልጅ ነው የሰጠው። ያላየሁትን የፈረድኩ እኔ ነኝ። ልጁ አሸንፎ ነበር፣ እኔ ለወታደሩ ሰጠሁት።»

እኔ ላይ ሆኜ ሊሰድቡት ነው፣ ሊተፉበት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቀድሞ የሳቀው ጠጉር አስተካካዩ ነው።

«አቦይ፣ ተዉ እንጂ» አለ። «ሻምበል? ለኛ ልጅ?»

«ለኛ ልጅ።»

«ልጅዎን ሊድሩለት ስለሆነ ነው» አለ የታክሲ ሾፌሩ። «አማችዎ ተሸነፈ እንዳይባል በራስዎ ላይ ያወራሉ። ይገባናል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ከኋላ ያለ አንድ ሰው። ሌላው ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ ግን እኔ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ትናንት ሻምበሉ ቤታቸው ገብቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ብርቱካን ይዞ ነው የገባው» አለ። «‹ወታደሮቹ ሐቀኛ ናቸው› በል ብለውታል። ገዝተውታል።»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን ወደዚያ ሳብ አደረጉ። አባቴ በመካከላቸው ቆሞ ከአንዱ ወደ አንዱ ያይ ነበር፤ በዝምታው ሲዋሻቸው ያመኑት ሰዎች እውነቱን ሲናገር አላምን ብለውታል። ጠጉር አስተካካዩ አዝኖለት ይሁን አፍሮ፣ አራተኛውን ቆርኪ አንሥቶ በጣቱ ያሽከረክረው ጀመር።

ሲወጣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ነበር። ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እናቴ ከፊቱ ቆመች።

«ምን አሉህ?»

«የፈራሁትን ሁሉ» አለ። «ለአማቹ አሉኝ። ተገዛ አሉኝ፤ እሱን እንኳ አልፈራሁትም ነበር።» ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት መደነቅ ነበር። ከእናቴ ወደኔ፣ ከኔ ወደ እናቴ ተመለከተ። «ይኸው ነው? ይህችን ሸሽቼ ነው የሰው ልጅ የጣልኩት? አሉኝ፣ ሰማሁ፣ ደረጃ ወጥቼ መጣሁ። ይኸው እዚህ ተቀምጫለሁ።»

እናቴ ኮቱን ከትከሻው አወለቀችለት። ያ ልጅ አዲስ አበባ አልሄደም፤ የተነገረ ውጤት አይመለስም። አባቴም ከዚያ ወዲህ ሪንግ አጠገብ አልተቀመጠም፣ ሰፈሩም ለፍርድ ደጃችንን መርገጥ ቀስ በቀስ ተወ። ያን ዕለት ግን አባቴ ይህን ሁሉ አላወቀም። ጥቂት አርፎ ወደኔ ዞረ።

«በመጪው እሑድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አለኝ። «ምን ልበላቸው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ ሌላ ሰው ምን እንደሚል ጠይቆኝ ያውቅ ይሆናል፤ እሱ ምን ይበል ብሎ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ከአዳራሹ ውጤት ይልቅ ይኼ ነው ያስደነገጠኝ።

«‹ሰጥቻለሁ› አትበላቸው» አልኩት። «‹እሺ ብላለች› በላቸው።»